የኋላ መብራት ተቀይሮ የፍሬን መብራት ሲያስቸግር፦ ሬዚስተር፣ ዲኮደር፣ ሪሌ ወይስ ባለክር አምፖል?

ከመኪናው ጋር ያልመጣ የኋላ መብራት ተገጥሞ የፍሬን መብራቱ ካስቸገረ፣ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚገዛው ሬዚስተር (ኤሌክትሪክ እየሳበ ወደ ሙቀት የሚለውጥ ዕቃ) ነው። ሬዚስተር ግን የሚፈታው አንድ ዓይነት ችግር ብቻ ነው፦ አዲሱ አምፖል የሚስበው ኤሌክትሪክ አንሶ መኪናው «አምፖል ተቃጥሏል» ብሎ ሲያስብ። ማሳው (ኤሌክትሪኩ በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪው የሚመለስበት መስመር) ላልያዘ መብራት፣ ሽቦው ለተቀያየረ ሶኬት ወይም ለተቃጠለ ፊውዝ ሬዚስተር ከሙቀት በቀር የሚጨምረው ነገር የለም። ስለዚህ አማራጮቹን ከማወዳደር በፊት ጥፋቱ የት እንዳለ መለየት ይቀድማል። ይህ ከግማሽ ሰዓት በላይ አይፈጅም፤ የሚያስፈልገውም ክር ያለው አምፖል የተገጠመለት መፈተሻ መብራትና አንድ መልቲሜትር ነው።

መጀመሪያ ሦስተኛውን የፍሬን መብራት ይዩ

አንድ ሰው ፔዳሉን ይርገጥልዎት። ሰው ከሌለ በመቀመጫውና በፔዳሉ መካከል ዱላ ማስደገፍ ይቻላል። በኋላ መስታወቱ በኩል ያለው ሦስተኛው መብራት በርቶ የታችኞቹ ሁለቱ ካልበሩ፣ በአብዛኞቹ መኪኖች ፊውዙም ፔዳሉ ላይ ያለው የፍሬን ስዊችም ጤነኛ ናቸው። ጥፋቱ ከአዲሱ መብራት፣ ከሶኬቱ ወይም ከማሳው አያልፍም።

ሦስቱም ካልበሩ ወደ ፊውዝ ሳጥኑ ይሂዱ። የፍሬን መብራት በብዙ መኪና ቁልፉ ተነቅሎም ይሠራል፤ ሞተር ማጥፋት ብቻውን ሽቦውን ከኤሌክትሪክ ነጻ አያደርገውም። በገጠማ ጊዜ የባትሪው ኔጌቲቭ ሳይነቀል ቀርቶ፣ ፔዳሉ በተረገጠበት ቅጽበት የፍሬኑ ሽቦ የመኪናውን አካል ከነካ ፊውዙ ወዲያው ይሄዳል። ፊውዙን በዚያው አምፔር ብቻ ይተኩ። እንደገና ከተቃጠለ የሁለቱንም መብራቶች ሶኬት ነቅለው ይሞክሩ። ሶኬቶቹ ተነቅለው ፊውዙ ከቆየ ሾርቱ ያለው በመብራቱ ወይም በአምፖሉ ውስጥ ነው። ተነቅለውም ከተቃጠለ ከመብራቱ ጀርባ በብሎን ወይም በመብራቱ ዙሪያ ባለው ጎማ ጠርዝ ስር የተጨፈለቀ ሽቦ ይፈልጉ።

ሶኬቱ ጋር ሲደርሱ መልቲሜትር ብቻውን ያሳስታል። መልቲሜትር ከመስመሩ የሚስበው ኤሌክትሪክ እዚህ ግባ የሚባል ስላልሆነ፣ በአንዲት ቀጭን የሽቦ ክር ላይ የተንጠለጠለ መስመርም 12 ቮልት ያሳያል፤ አምፖል ሲገጠምበት ግን ቮልቱ ይወርዳል። ስለዚህ መፈተሻ መብራቱን ይጠቀሙ። መቆንጠጫውን በባትሪው ኔጌቲቭ ወይም በንጹህ ብረት ላይ አስይዘው ጫፉን የፍሬኑ ፒን ላይ ያድርጉና ፔዳሉ ይረገጥ፤ ደምቆ መብራት አለበት። ቀጥሎ መቆንጠጫውን ወደ ፖዘቲቭ አዙረው ጫፉን የማሳው ፒን ላይ ያድርጉ። እዚህ ላይ ከፈዘዘ ችግሩ ማሳ ነው።

የማሳ ችግር ራሱን በሌላ መንገድም ይገልጻል። ፍሬን ሲረገጥ የፓርኪንግ መብራቱ ይደክማል፣ ወይም ፍሬቻው ሲበራ የፍሬን መብራቱ አብሮ ይንቀጠቀጣል። መመለሻ ያጣው ኤሌክትሪክ በሌላው አምፖል ክር በኩል መውጫ ስለሚፈልግ ነው። በቁጥር ለማረጋገጥ ሁሉም የኋላ መብራቶች በርተው ፔዳሉም ተረግጦ ሳለ የመልቲሜትሩን ቀይ ጫፍ የመብራቱ ማሳ ላይ፣ ጥቁሩን የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ያድርጉ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ ማሳው እንደገና መሠራት አለበት። አዲስ መብራት በተገጠመ መኪና ይህ የሚደጋገምበት ምክንያት አለ፦ አንዳንድ ነባር መብራቶች ማሳ የሚያገኙት በብረት እቃቸው ወይም በማሰሪያ ብሎናቸው በኩል ነው። አዲሱ ፕላስቲክ ሲሆን ለብቻው የማሳ ሽቦ ይዞ ይመጣል፤ ያ ሽቦ በቀለም በተሸፈነ ቆርቆሮ ላይ ይታሰርና አይነካም። ቀለሙን እስከ ብረቱ ድረስ ፍቀው፣ ባለቀለበት ተርሚናል ተጠቅመው በብሎን ያጥብቁ። ከዚያ በላዩ ላይ ዝገት የሚከላከል ቅባት ይቀቡ።

አምፖሉና ሶኬቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ

ለፓርኪንግና ለፍሬን በአንድነት የሚሠራው አምፖል ሁለት ክር አለው፤ አንዱ 5 ዋት፣ ሌላው 21 ዋት አካባቢ። በገበያ 1157 ወይም ፒ21/5 ተብሎ የሚጠራው ከጎኑ ያሉት ሁለት ጆሮዎች ቁመታቸው ይበላለጣል፣ ከታችም ሁለት ነጥብ አለው። ባለአንድ ክሩ 1156 አንድ ነጥብ ብቻ ነው ያለው። 1156 ተገፍቶ በባለሁለት ክር ሶኬት ውስጥ ሲገባ ያ አንድ ነጥብ ሁለቱን መስመሮች ያገናኛል። ምልክቱ አይሳሳትም፦ የፊት መብራት ሲበራ ሦስተኛው የፍሬን መብራት አብሮ ይበራል፤ መብራት ጠፍቶ ፍሬን ሲረገጥ ደግሞ የዳሽቦርዱ መብራቶች ይበራሉ። በዚህ ላይ የሚገዛ ምንም ዕቃ የለም፤ አምፖሉን መቀየር ብቻ ነው።

7443 በሚባለው ጠፍጣፋ መቀመጫ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። ሶኬቱ ሁለት ዓይነት የፒን አደራደር አለው፦ መደበኛውና ሲኬ የሚባለው። ባለክር አምፖል በሁለቱም ይሠራል። ለአንዱ የተሠራ ኤልኢዲ (ክር የሌለው፣ ጥቂት ኤሌክትሪክ የሚስብ አምፖል) በሌላው ውስጥ ሲገባ ግን ሾርት ይሠራል፣ ፊውዝም ይበላል። ሾርት ሳይኖር ዝም ብሎ የማይበራ ኤልኢዲ ከሆነ አምፖሉን አውጥተው 180 ዲግሪ አዙረው ይመልሱት፤ ኤልኢዲ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን ይመርጣል።

የፓርኪንግና የፍሬን ሽቦ ተቀያይረው ከሆነ ደግሞ ማታ የኋላ መብራቱ ከመጠን በላይ ደምቆ ይውላል፣ ፍሬን ሲረገጥም ለውጥ አይታይም። ከኋላዎ ለሚመጣው ሾፌር ይህ ጨርሶ ካለመብራት የከፋ ነው፤ ፍሬን እንደያዙ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የሽቦ ቀለም አይመኑ፤ አምራቾች በአንድ ቀለም አይስማሙም። እያንዳንዱን ፒን በመፈተሻ መብራት ለይተው ፒኖቹን ያቀያይሩ።

መኪናው የሚያየው አምፔር

እስካሁን ያለው ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ የሚቀር ችግር ካለ የአማራጮቹ ጉዳይ እዚህ ይጀምራል። 21 ዋት ባለክር አምፖል በ12 ቮልት 1.75 አምፔር ይስባል። 3 ዋት ኤልኢዲ ሩብ አምፔር ብቻ ነው የሚስበው። መብራትን በሞጁል (በኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ሳጥን) የሚቆጣጠር መኪና ይህን ልዩነት ለክቶ ያያል። መብራትን የማይከታተል መኪና ግን ግድ የለውም፤ እዚያ ላይ ለፍሬን መብራት ሬዚስተር መግጠም ያለ ምክንያት ሙቀት መጨመር ነው። ፍሬቻው ብቻ ፈጥኖ የሚብለጨለጭ ከሆነም መፍትሔው ለኤልኢዲ የተሠራ የፍሬቻ ሪሌ (ፍሬቻውን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) ነው፤ የፍሬኑን መስመር አይንኩ።

በሞጁል የሚሠራ መኪና ሦስት ዓይነት ባህርይ ያሳያል፤ ሦስቱን መለየት ገንዘብ ይቆጥባል። መብራቱ ለጥቂት ሰከንድ በርቶ የሚጠፋ ከሆነ ሞጁሉ መስመሩን ዘግቷል። ሁሉ ነገር ጠፍቶ ሳለ ኤልኢዲው በስሱ ብልጭ የሚል ከሆነ ሞጁሉ አምፖሉ መኖሩን ለማረጋገጥ አጭር የኤሌክትሪክ ምት እየላከ ነው፤ ለባለክር አምፖል የማይታይ ምት ኤልኢዲን ያበራዋል። ፍሬን ሲያዝ ደህና ሆኖ ፓርኪንግ ሲበራ ብቻ የሚርገበገብ ከሆነ ደግሞ ሞጁሉ መብራቱን የሚያደበዝዘው በሰከንድ ብዙ ጊዜ እያበራና እያጠፋ ነው።

ወደ ባለክር አምፖል መመለስ

አዲሱ መብራት አምፖል የሚቀየርለት ከሆነ ከሁሉ በፊት ይህንን ይሞክሩ። ርካሽ ነው፣ የዳሽቦርድ ማስጠንቀቂያውን ያጠፋል፣ መርገብገብም አይኖርም። ከዚህም በላይ እንደ መመርመሪያ ያገለግላል፦ ባለክር አምፖል ገብቶም ካልሠራ ችግሩ የአምፔር ማነስ አይደለም፣ ወደ ማሳና ሽቦ ይመለሱ።

ጉድለቱ ፍጥነት ነው። ክር ሙሉ ድምቀቱ ላይ ለመድረስ 0.2 ሰከንድ ያህል ይፈልጋል፣ ኤልኢዲ ግን በቅጽበት ይበራል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ይህ ከ5 ሜትር በላይ ርቀት ነው። ሌላው ሙቀት ነው፤ ስስ ፕላስቲክ ባለው መብራት ውስጥ 21 ዋት ክር ለረጅም ጊዜ ሲበራ ፕላስቲኩን ሊያቀልጠው ይችላል። መብራቱ ላይ የተጻፈውን የዋት ገደብ ይዩ። ኤልኢዲ የሚመርጡ ከሆነ ደግሞ ለቀይ መስታወት ቀይ ኤልኢዲ ይግዙ። ነጩ ብርሃኑ አብዛኛው በቀዩ ፕላስቲክ ስለሚዋጥ ደክሞ ወደ ሮዝ ያደላል።

ሬዚስተር

ለፍሬን መስመር የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ 6 ኦም፣ 50 ዋት የሆነው ነው። ሞተር ሲሠራ ቮልቱ 13.8 አካባቢ ስለሚሆን ሬዚስተሩ 2.3 አምፔር ይስባል፤ ይህ ወደ 32 ዋት ሙቀት ነው። በሁለቱ ጎን ሲደመር 64 ዋት። በመንገድ መጨናነቅ ውስጥ እግርዎ ፍሬን ላይ ለአምስት ደቂቃ ከቆየ የሬዚስተሩ ገጽ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሄዳል። 50 ዋት የሚለው ጽሑፍ የሚሠራው ሬዚስተሩ ሙቀቱን በሚወስድለት ብረት ላይ በብሎን ሲታሰር ብቻ ነው፤ በአየር ላይ ሲንጠለጠል አቅሙ በእጅጉ ያንሳል።

አገጣጠሙ ቀላል ነው። አንዱ ጫፍ ወደ ፍሬኑ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ወደ ማሳ፤ ማለትም ከአምፖሉ ጎን ለጎን። ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ አይመርጥም። ሽቦውን ቆርጠው በመካከሉ ካስገቡት ኤልኢዲው ይደክማል፣ ማስጠንቀቂያውም አይጠፋም። የሚታሰርበት ቦታ ባዶ ቆርቆሮ ይሁን፣ ከፕላስቲክ፣ ከምንጣፍና ከሽቦ እሽግ ቢያንስ 5 ሴንቲሜትር የራቀ። ባለሁለት ገጽ ሙጫና የፕላስቲክ ማሰሪያ አይሆኑም፤ ሙቀቱ ይፈታቸውና ሬዚስተሩ ሽቦ ላይ ይወድቃል።

አንድ ስህተት በተለይ አደገኛ ነው፦ ባለ6 ኦሙን በፓርኪንግ መስመር ላይ መግጠም። የፍሬን መስመር የሚሠራው አልፎ አልፎ ነው፣ ፓርኪንግ ግን ማታውን ሙሉ ይበራል፤ ያ 32 ዋት ሌሊቱን ሁሉ ሳይቋረጥ ይነድዳል። ማስጠንቀቂያው የመጣው ከባለ5 ዋቱ የፓርኪንግ በኩል ከሆነ 33 ኦም አካባቢ የሆነ፣ 25 ዋት የሚችል ሬዚስተር ይበቃል፤ 0.4 አምፔር ገደማ ይስባል፣ ሙቀቱም 6 ዋት አይሞላም።

ዲኮደርና «ካን ባስ» የሚባሉት አምፖሎች

ዲኮደር በውስጡ ሬዚስተርና ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለአጭር ጊዜ የሚያጠራቅም ዕቃ) አለው። ሬዚስተሩ አምፔሩን ይሞላል፣ ካፓሲተሩ ደግሞ ማብራት ማጥፋቱን ያለሰልሳል። ስለዚህ ፓርኪንግ ላይ ለሚርገበገብ ወይም ጠፍቶ ሳለ ብልጭ ለሚል መብራት ከተራ ሬዚስተር ይሻላል፤ ሽቦ ሳይቆረጥም በሶኬት ይገባል። ሲገጠም መታየት ያለበት ፔዳሉ ሲለቀቅ ነው። ካፓሲተሩ ያጠራቀመውን ቀስ ብሎ የሚለቅ ከሆነ መብራቱ ዘግይቶ ይጠፋል፣ ከኋላ ያለው ሾፌርም አሁንም የቆሙ ይመስለዋል። እንዲህ የሚያደርግ ዲኮደር ይመለስ። ይህም ይሞቃል፤ በሬዚስተሩ ላይ የተባለው የቦታ ጥንቃቄ ሁሉ ለእርሱም ይሠራል።

ሬዚስተሩ በአምፖሉ ውስጥ የታሸገበት «ካን ባስ» ኤልኢዲ ለባለ5 ዋት ቦታ ጥሩ ምርጫ ነው። ለ21 ዋት ፍሬን ግን አንመክረውም። ሙሉውን አምፔር ለመምሰል የሚያቃጥለው ሙቀት ኤልኢዲዎቹ አጠገብ ስለሚቀር ዕድሜያቸውን ያሳጥራል። ሙቀቱን ያን ያህል የማያወጣ ከሆነም አምፔሩን አልሞላም ማለት ነው፤ ማስጠንቀቂያውም አይጠፋም።

ሪሌ

ሪሌ በትንሽ ኤሌክትሪክ የሚነሳ ማብሪያ ነው፤ ጥቅሙም ሌላ ነው። ነባሩ የፍሬን ሽቦ የሪሌውን ጥቅል ብቻ ያነሳል (0.2 አምፔር አካባቢ)፣ ለመብራቱ የሚሄደው ኤሌክትሪክ ግን በራሱ ፊውዝ ከባትሪው ይመጣል። በሪሌው እግሮች ላይ ከተጻፉት ቁጥሮች 86 ወደ ፍሬኑ ሽቦ፣ 85 ወደ ማሳ፣ 30 በ10 አምፔር ፊውዝ በኩል ወደ ባትሪ፣ 87 ወደ መብራቱ። አዲሱ መብራት ከነባሩ የበለጠ የሚስብ ከሆነ ወይም ተጎታች የሚጨመርበት መኪና ከሆነ ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው።

ለማስጠንቀቂያ ግን መፍትሔ አይሆንም። ሞጁሉ የሚያየው የጥቅሉን ትንሽ አምፔር ስለሆነ «ተቃጥሏል» ማለቱን ይቀጥላል፤ መስመሩን እያበራ እያጠፋ በሚያደበዝዝ መኪና ላይ ደግሞ ሪሌው ይንጫጫል። ሞጁል ባለው መኪና ላይ ከተገጠመ ውስጡ ዳዮድ ያለው ሪሌ ይምረጡ፤ ጥቅሉ ሲለቅ የሚፈጥረው የቮልት ዝላይ ሞጁሉን እንዳይጎዳ። ሁለቱንም ጎን በአንድ ሪሌ አያስኪዱ፤ አንድ ሪሌ ሲበላሽ ሁለቱም ይጠፋሉ። ሦስተኛው መብራት ሁልጊዜ በነባሩ መስመር ላይ ይቆይ።

በመመርመሪያ መሣሪያ ማስተካከል

አንዳንድ መኪኖች ሞጁላቸው ውስጥ የመብራቱ ዓይነት ወደ ኤልኢዲ ሊቀየር ወይም የአምፖል ክትትሉ ሊጠፋ ይችላል። ሙቀት የለም፣ ሽቦ አይቆረጥም፤ መኪናው የሚፈቅድ ከሆነ እኛ የምናስቀድመው ይህንን ነው። ሁለቱ ግን አይተካከሉም። ዓይነቱን ወደ ኤልኢዲ መቀየር ክትትሉን ይዞ ይቆያል። ክትትሉን ማጥፋት ደግሞ አምፖሉ በእርግጥ ሲቃጠል የሚነግርዎትን ያሳጣል። ከመነካቱ በፊት በሞጁሉ ውስጥ ያለው ነባሩ የማስተካከያ ቁጥር ተመዝግቦ ይቀመጥ፤ በሥራው ጊዜ ባትሪው እንዳይወርድም ቻርጀር ይገናኝ።

መብራቱ ራሱ ለሌላ ገበያ የተሠራ ሲሆን

አንዳንድ መኪና ፍሬንና ፍሬቻን በአንድ ቀይ አምፖል ይሠራል፣ አንዳንዱ ለየብቻ። ፍሬቻ አብርተው ፍሬን ሲረግጡ ያ ጎን መብለጭለጩን ትቶ ሳይቆራረጥ በርቶ ከቆየ፣ መብራቱና መኪናው በዚህ አልተስማሙም። ለተጎታች የሚሸጠው መቀየሪያ ሁለቱን መስመሮች ወደ አንድ ያዋህዳል፤ አንዱን ወደ ሁለት የሚለየውም ለብቻው አለ። ይሁንና ለመኪናው ገበያ የተሠራውን መብራት መለወጥ ከቻሉ ያ ይበልጣል፤ መቀየሪያ አንድ ተጨማሪ የሚበላሽ ቦታ ነው። መብራቱን ሲለውጡ በመስታወቱ ላይ የማረጋገጫ ምልክት ይፈልጉ፦ በክብ ውስጥ ያለ ኢ ከነቁጥሩ፣ ወይም ኤስኤኢ እና ዲኦቲ የሚሉ ጽሑፎች። ለባለክር አምፖል የጸደቀ መብራት ውስጥ ኤልኢዲ ማስገባት በብዙ አገር ማረጋገጫውን እንደሚያሳጣም ይወቁ።

ሽቦው እንዴት ይያያዝ?

ከመኪናው ሶኬት ጋር የሚገጥም አስማሚ ሽቦ ካለ ሌላ አይፈልጉ። ከሌለ በፕሬስ የሚጨመቅና በሙቀት የሚሰበሰብ ፕላስቲክ ያለው ማያያዣ ይከተላል፤ ለአንድ መብራት 0.75 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ይበቃል። ሶልደርም ይሆናል፣ ግን ሽቦው እንዳይወዛወዝ አጠገቡ መታሰር አለበት፤ ሶልደሩ ባለቀበት ጫፍ ላይ ይሰበራልና። ሽቦውን ሳይቆርጥ የሚነክሰው ፈጣን ማያያዣ ለፍሬን መስመር አይሆንም። የተወሰኑ ክሮችን ይቆርጣል፣ ውሃ ይገባበታል፣ ከወራት በኋላ አረንጓዴ ዝገት ይዞ ይደክማል። ያኔ ደግሞ ጥፋቱ የአምፖል ይመስላል።

ከመንዳትዎ በፊት

ሁሉንም በአንድ ላይ ያብሩ፦ ፓርኪንግ፣ ፍሬን፣ ድንገተኛ ፍሬቻ፣ የኋላ ማርሽ። ለየብቻ የሚሠራ ደካማ ማሳ በዚህ ጊዜ ይጋለጣል። በጠራራ ፀሐይ ከ10 ሜትር ርቀት ቆመው ፓርኪንግ ከፍሬን በግልጽ መለየቱን፣ ግራና ቀኙም እኩል መድመቁን ይዩ። ሬዚስተር ካለ ፔዳሉ ለአምስት ደቂቃ ተረግጦ ይቆይና የፕላስቲክ ሽታ ወይም የሚለሰልስ የሽቦ ሽፋን መኖሩን ይመልከቱ፤ ሬዚስተሩን በእጅ አይንኩ።

አውቶማቲክ ማርሽ ያለው መኪና ከፒ መውጣቱን ያረጋግጡ፤ የማርሽ መቆለፊያው ከዚያው የፍሬን ስዊች ምልክት ይወስዳል። በአንዳንድ በዕድሜ የገፉ መኪኖች ላይ የፍጥነት መቆጣጠሪያው (ክሩዝ ኮንትሮል) በፍሬን አምፖሎቹ ክር በኩል ማሳ ማግኘት ይጠብቃል። ሦስቱም ወደ ኤልኢዲ ሲቀየሩ ያ መንገድ ይዘጋና መቆጣጠሪያው አልይዝ ይላል። ከሦስቱ በአንዱ ውስጥ ባለክር አምፖል መተው ብቻውን አብዛኛውን ጊዜ ያስተካክለዋል።